የአደጋው ዋጋ፦ የውጭ ዕቃን በኢንተርኔት መቸርቸር ከአምበር ሲታይ

ከውጭ አገር የገባ ዕቃን በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ገጽ ወይም በቲክቶክ እያሳዩ የመሸጥ ሥራ፣ ሱቅ መከራየትንም ሆነ ከፍ ያለ መነሻ ገንዘብን የማይጠይቅ ስለሚመስል፣ ደመወዛቸው ወር ለማያደርሳቸው ወጣት ሠራተኞችና ሥራ ላላገኙ ምሩቃን ቀዳሚ የተደራቢ ገቢ አማራጭ ሆኖ ይታያል። አሠራሩ ዛሬ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ሻጩ የዕቃውን ፎቶግራፍ ይለጥፋል፣ ዋጋውን አንዳንዴ ይጽፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብሎ ያልፋል፤ ገዥው ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፤ ገዥው የክፍለ ሀገር ሰው ከሆነም ዕቃው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ተጭኖ እስከ መናኸሪያ ይሄድለታል። የዚህ ሐተታ ጥያቄ የንግዱ ትርፍ በትክክል ከየት እንደሚመነጭ ነው። ጥያቄውም የሚታየው ከቦሌ ወይም ከመርካቶ ሳይሆን ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከአምበርና በዚያው አካባቢ ካሉት ከቢቸናና ከሞጣ ሆኖ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ንግድ ጥንካሬም ድክመትም ጎልቶ የሚወጣው ከገበያው ማዕከል በራቀ ቦታ ነው።

ቸርቻሪው ዕቃውን አላመረተም፣ ብዙ ጊዜም ራሱ አላስመጣም። ገዥው ወይም የገዥው ዘመድ መርካቶ ወርዶ ሊገዛው በሚችለው ዕቃ ላይ ሁለት ወይም ሦስት መቶ ብር ጨምሮ ሲሸጥ፣ ለዚያ ጭማሪ የሚያሳምን ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገዥው ሊሸከመው የነበረውን አደጋ ቸርቻሪው ስለተሸከመለት የሚል ነው። በዚህ ንግድ አደጋ ማለት ዕቃው ሳይደርስ መቅረቱ፣ ተሰብሮ መድረሱ፣ ከፎቶግራፉ መለየቱ፣ ልኩ አለመሆኑ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ማቆሙ፣ ወይም ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ዋጋው መለወጡ ነው። ይህን አደጋ በራሱ ላይ የወሰደ ቸርቻሪ ንግድ አለው፤ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ አደጋውን ሁሉ ለገዥው የሚተው ግን፣ ለጊዜው ብር ቢያገኝም፣ የሚሸጠው የራሱ ነገር የለውም።

ጎጃም ከሩቅ በመጣ ዕቃ መነገድን የተማረው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም፣ በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ፣ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአካባቢው የተዘዋወረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከጻፈላቸው ታላላቅ የኢትዮጵያ ገበያዎች አንዱ ሲሆን፣ ከዓባይ ማዶ ከእናሪያና ከጉድሩ አቅጣጫ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ ያንን ዘመን በሚያሳፍር ሁኔታም ባሪያዎች፣ ከምጽዋ በጎንደር በኩል ከሚወርደው ጨርቅና ጨሌ፣ እንዲሁም ከአሞሌ ጨው ጋር የሚገናኙበት ነበር። የዚያ ዘመን ነጋዴ ትርፉ ከፍተኛ የሆነው ዕቃው ብርቅ ስለነበረ ብቻ አልነበረም፤ ወንዝ ሲሞላ የሚጠብቀው፣ በየኬላው ቀረጥ የሚከፍለው፣ በቅሎው ስትሞት ኪሳራውን የሚውጠው፣ ሽፍታ ሲዘርፈው እጁን አጣጥፎ የሚመለሰው እሱ ስለነበረ ነው። የባሶ ሸማች ጨሌውን የሚገዛው ዕቃው ፊቱ ተዘርግቶ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ነበር። በስልክ የሚካሄደው ንግድ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል፤ ገንዘቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ ዕቃው ኋላ ይመጣል፣ መንገድ ላይ የሚደርሰው ሁሉ የሚደርሰው ገዥው ከከፈለ በኋላ ነው።

ዛሬ የውጭ ዕቃ ወደ ስልኩ ሱቅ የሚገባባቸው መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፤ ይሁንና ገዥው የትኛው ዕቃ በየትኛው እንደመጣ የሚያውቅበት ዕድል የለውም። የመጀመሪያውና ሰፊው መንገድ መርካቶ ነው፤ አስመጪው በኮንቴይነር ያስገባውን ጅምላ ነጋዴው ይረከበዋል፣ ከጅምላ ነጋዴው ደግሞ የቴሌግራም ሻጩ ወይ በጥቂቱ ይገዛል፣ ወይ ምንም ሳይገዛ ፎቶግራፉን ብቻ ወስዶ ትእዛዝ ሲመጣለት ሮጦ ያነሣል። ይህ ሁለተኛው ልማድ በውጭው ዓለም ድሮፕሺፒንግ የሚባለው ነው፤ ሻጩ ዕቃ ሳያከማች ትእዛዝ ብቻ የሚያስተላልፍበት አሠራር ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ከአሊኤክስፕረስ ወይም ከሺን በትእዛዝ ማስመጣት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ያለ ገዥ በብር በቀጥታ መክፈል ስለማይችል፣ ውጭ አገር ካርድ ያለው አገናኝ ይከፍልለትና ዕቃው በካርጎ ወይም በመንገደኛ እጅ ይገባል። ሦስተኛው የሻንጣ ንግድ ነው፤ ከዱባይ፣ ከጉዋንዡ ወይም ከኢስታንቡል የሚመለስ ሰው ለግል መገልገያ በሚል የሚያስገባው ልብስ፣ ሽቶና ስልክ ነው።

በኅዳር 2012 የአሊባባ መሥራች ጃክ ማ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ኩባንያው «የኤሌክትሮኒክ የዓለም ንግድ መድረክ» በሚለው ውጥን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም፣ ብዙዎች ሩቅ ያለ ገዥና ሻጭ በአንድ ጠቅታ ይገናኛል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ከዚያ ወዲህ የክፍያው ሥርዓት በእርግጥ ተለውጧል። በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል፤ በነሐሴ 2015 ኤም ፔሳ ተከትሎታል፤ በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም ዘመን ገበያ የተባለውን የራሱን የግብይት መድረክ ከፍቷል። የግብይት መድረክ ሲባል ብዙ ሻጮችና ብዙ ገዥዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት፣ የመድረኩ ባለቤትም ክፍያን፣ አንዳንዴም አቅርቦትንና ቅሬታን የሚያስተናግድበት አሠራር ነው። ቴሌግራም ግን ይህን ሁሉ አይሠራም፤ መልእክት ያደርሳል እንጂ በሻጭና በገዥ መካከል አይዳኝም። ሆኖም ሰዉ አሁንም በብዛት የሚገዛው በቴሌግራም ነው፤ ይህም ማለት የዳኝነቱ ሥራ ባዶ ቦታ ሆኖ ተትቷል ማለት ነው።

ወደ ሒሳቡ ሲገባ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ነጥብ ይገኛል። አንድ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ ሲገባ የሚከፈልበት ግብር ተደራራቢ ነው፤ አንዱ ግብር በሌላው ላይ ይሰላል። ለምሳሌ የዕቃው ዋጋ፣ መድኅኑና ማጓጓዣው ተደምሮ 1,000 ብር የሆነ፣ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ የሚከፈልበትና ኤክሳይስ ታክስ የሌለበት ልብስ ቢታሰብ፣ ቀረጡ 350 ብር ነው፤ 15 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1,350 ብር ላይ ሲሰላ 202 ብር ከ50 ይሆናል፤ 10 በመቶ የሆነው ሱር ታክስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ድምር ላይ ሲነሣ 155 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ቅድመ ግብርንና በ2014 የተጨመረውን የማኅበራዊ ዌልፌር ቀረጥ ትቶ እንኳ፣ 1,000 ብር የነበረው ዕቃ ከጉምሩክ ሳይወጣ ከ1,700 ብር ያልፋል። ስለዚህ በቴሌግራም ላይ ከመርካቶ ጅምላ ዋጋ በታች የተለጠፈ አዲስ ዕቃ የታየ እንደሆነ፣ ወይ ቀረጥ አልተከፈለበትም፣ ወይ ኮፒ ነው፣ ወይ የለም። ጀማሪው ቸርቻሪ በዋጋ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ልወዳደር ካለ የሚወዳደረው ከኮንትሮባንድ ጋር ነው፤ ያንን ውድድር ሕጋዊ ነጋዴ አያሸንፍም።

የውጭ ምንዛሪው ታሪክም ከዚህ አይለይም። በጥቅምት 2015 መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ባደረገ ጊዜ፣ ሽቶ፣ የውበት ዕቃና ሌሎች የስልክ ሱቅ ዋና ዋና ዕቃዎች በዝርዝሩ ነበሩ፤ ይህም የሻንጣ ንግዱን አጠናከረው እንጂ ፍላጎቱን አላጠፋውም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ ዕገዳው ተነሣ፤ ነገር ግን በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ይህ ለቸርቻሪ ያለው ትርጉም ከአስመጪው ይለያል። አስመጪው ዋጋ ሲጨምር መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ አብሮ ይጨምርለታል። በትንሽ ገንዘብ የሚዞረው ቸርቻሪ ግን የሸጠውን ዕቃ በሸጠበት ዋጋ መልሶ መግዛት ያቅተዋል፤ በወረቀት አትርፎ፣ በመደርደሪያ ይከስራል።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። በቢቸና የሚሠራ አንድ መምህር 30,000 ብር አጠራቅሞ፣ እያንዳንዱ 1,000 ብር የሆነ 30 በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ከመርካቶ ገዝቶ በ1,300 ብር ሊሸጥ አስቧል እንበል። ለማጓጓዣ በአንዱ 40 ብር፣ ለኢንተርኔትና ለስልክ በጠቅላላው 600 ብር ቢያወጣ፣ ወጪው 31,800 ብር ነው። 30ውም ቢሸጡለት 39,000 ብር ያገኛል፣ ትርፉም 7,200 ብር ይሆናል። ነገር ግን ሦስቱ ተበላሽተው ገንዘብ ቢመልስ፣ ገቢው 35,100 ብር፣ ትርፉ 3,300 ብር ነው። አንዱ ብቻ ቢበላሽ ትርፉ 5,900 ብር ይሆን ነበር። ከዚህ የሚታየው፣ የዚህን ንግድ ዕድል የሚወስነው በዋጋ ላይ 20 ወይም 30 ብር መጨመር ሳይሆን፣ ከመግዛት በፊት እያንዳንዱን መብራት ሰክቶ መሞከር መሆኑን ነው። ሁለት ብልሹ ዕቃ ሳይገዙ ማለፍ 2,600 ብር ያድናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። ያንን 3,300 ብር በአንድ ወር ያገኘው ሰውና በሦስት ወር ያገኘው ሰው እኩል አይደሉም፤ የኋለኛው በወር 1,100 ብር ብቻ ነው ያገኘው። በእነዚያ ሦስት ወራት የጅምላው ዋጋ 10 በመቶ ቢጨምር ደግሞ፣ ያንኑ 30 መብራት መልሶ ለመግዛት 33,000 ብር ያስፈልገዋል፤ ከትርፉ 3,000 ብሩ ወደ ዕቃው ይመለስና ለቤቱ የሚቀረው 300 ብር ይሆናል። ነጋዴዎች ገንዘብ «መዞር» አለበት የሚሉት ለዚህ ነው፤ ዙር ማለት አንድ ብር ዕቃ ሆኖ፣ ተሸጦ፣ እንደገና ብር እስኪሆን የሚፈጅበት ጊዜ ነው። በትንሽ ትርፍ በሁለት ሳምንት የሚዞር የስልክ ቻርጀር፣ በትልቅ ትርፍ ስድስት ወር ከሚቀመጥ የእጅ ሰዓት ይበልጣል። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ሒሳብ የዋዛ አይደለም። በመስከረም 2018 በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ከእንዲህ ያለ ደመወዝ ተቆጥቦ የተገኘ 30,000 ብር ብዙ ወራት የተጠራቀመ ላብ ነውና፣ በማይዞር ዕቃ ላይ ከታሰረ የሚታሰረው የቤተሰቡ መጠባበቂያ ጭምር ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ከደረሰ በኋላ የሚቀረው መንገድ በኪሎ ሜትር ከቀደመው ያንሳል፤ በወጪና በጭንቀት ግን ይበልጣል። የንግድ አጥኚዎች የመጨረሻው ምዕራፍ የሚሉት ይህ ነው፤ ዕቃ ከመጨረሻው ማከፋፈያ ተነሥቶ በገዥው እጅ እስኪገባ ያለው ክፍል። በአፍሪካ በዚህ ክፍል ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው ጁሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሌጎስ ውስጥ ተመሥርቶ፣ በ2019 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበው ይህ ኩባንያ፣ በዚያው ዓመት ከካሜሩንና ከታንዛኒያ ወጣ፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ በደቡብ አፍሪካና በቱኒዚያ የነበረውን ሥራ ዘጋ። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር ገዥውን መፈለግ፣ ሲደርስ ልክፈል ብሎ ሲደርስ ሐሳቡን የሚለውጥ ደንበኛ፣ ተመልሶ የሚጫን ዕቃ፣ እነዚህ ሁሉ ለዓመታት ኪሳራ ሆነውበታል። በዓለም ገበያ ካፒታል ያሰባሰበ ኩባንያ ያልቻለውን፣ ከአምበር የሚሠራ አንድ ሰው ይችላል ማለት ግን የሚመስለውን ያህል ድፍረት አይደለም።

ምክንያቱም ጁሚያ ያጣውና በአምበር ያለው ነገር አንድ ነው፤ መተዋወቅ። በትንሽ ከተማ አድራሻ የሚባለው ቁጥር ሳይሆን ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ ቅዳሜ የት እንደሚገኝ የሚታወቅ ሻጭ ዕቃው ሲበላሽ ስልኩን ዘግቶ መጥፋት አይችልም፤ ገዥውም ሐሰተኛ የባንክ ደረሰኝ ልኮ ዕቃ ወስዶ መሰወር አይችልም። ይህ ሐሰተኛ ደረሰኝ፣ ማለትም በስልክ መተግበሪያ ተቀነባብሮ ገንዘብ የተላከ የሚያስመስል ምስል፣ በትልልቅ ከተሞች ሻጮችን ብዙ አስለቅሷል፤ መድኃኒቱም ምስሉን ትቶ የራስን ሒሳብ አይቶ ማረጋገጥ ነው። አለመታወቅ ለአጭበርባሪ ሀብት እንደሆነ ሁሉ፣ መታወቅ ለሐቀኛ ቸርቻሪ ሀብት ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ፣ ለሦስት ብልሹ መብራቶች ገንዘብ አልመልስም ያለ ሰው በመጀመሪያው ዙር 7,200 ብር ያገኛል፣ የመለሰው 3,300 ብር ያገኛል። በአዲስ አበባ ሚሊዮኖች መካከል የመጀመሪያው ሰው ለጊዜው ሊያዋጣው ይችላል፤ በአምበር ግን ሦስቱ የተበደሉ ሰዎች እያንዳንዳቸው ዘመድ፣ ጎረቤትና ማኅበርተኛ አላቸው፣ ሁለተኛው ዙርም ለሱ አይኖርም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ የሚያግዝ አገራዊ ተቋም ከተፈለገ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፖስታ አገልግሎት፣ የዛሬው ኢትዮ ፖስት፣ ቅርብ ነው። ተቋሙ በየከተማው ቅርንጫፍና የሕግ ኃላፊነት አለው፤ ዕቃ ሲጠፋ ተጠያቂ የሚሆን አካልም አለው። ዕቃ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ሲላክ ግን ከስልክ ቁጥርና ከመልካም ፈቃድ በቀር ማስያዣ የለም። ብዙ ሰው አውቶቡሱን የሚመርጠው ፈጣን ስለሆነ፣ እሑድም ስለሚሄድ ነው፤ ይህን ምርጫ መውቀስ አይቻልም። ፖስታ ቤቶች በገበያ ቀን ቢከፈቱና ክፍያውን ከገዥው ተቀብለው ለሻጩ የሚያስተላልፉበት አሠራር በትንንሽ ከተሞች ቢጠናከር ግን፣ ገዥው ዕቃውን ከፍቶ አይቶ ይከፍላል፣ ሻጩም ገንዘቡ እንደሚደርሰው ያውቃል። የባሶ ሸማች የነበረው መብት በሌላ መልክ ይመለሳል ማለት ነው።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱና በግጭቱ ምክንያት መንገዶች በተደጋጋሚ መዘጋታቸው፣ በስልክ ላይ ብቻ የቆመ ንግድ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አሳይቷል። ቻናሉ ሲጠፋ ደንበኛውም አብሮ ከጠፋ፣ ደንበኛው ከመጀመሪያውም የቻናሉ እንጂ የሻጩ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሥራውን የሚጀምር ሰው የደንበኞቹን ስምና ስልክ ቁጥር በደብተር መያዙ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን ኢንተርኔት ሳይኖር ትእዛዝ መቀበል መቻሉ፣ መንገድ ቢዘጋ ሊበላሽ ወይም ጊዜው ሊያልፍበት የሚችል ዕቃ አለማከማቸቱ፣ ከምቾት የመጣ ምክር ሳይሆን ከደረሰው የተወሰደ ነው። በዚህ ጊዜ የተጎዳው የቸርቻሪው ትርፍ ብቻ እንዳልነበረም መታወስ አለበት፤ መድኃኒትና ማዳበሪያ የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት አገር የመንገድና የግንኙነት መዘጋት ከሁሉ በፊት የሰው ጉዳይ ነው።

ምን ይሸጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በአዲስ አበባ ምን እየተሸጠ እንደሆነ በማየት ነው፤ ይህ ግን የአምበርን የቀን መቁጠሪያ አያውቅም። በምሥራቅ ጎጃም በአርሶ አደሩ እጅ ገንዘብ የሚገባው ጤፍና ስንዴ ከታጨደ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ሠርጉም በጥር ይበዛል። በክረምት ግን ማዳበሪያ ተገዝቶ፣ ጎተራው ጎድሎ፣ ብር ይጠፋል። አብዛኛው የባሕር ጭነት በጅቡቲ በኩል ገብቶ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ለጥር የታሰበ ዕቃ የሚታዘዘው ገና ዝናቡ ሳያባራ፣ ማለትም ኪስ ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። ይህን ክፍተት መሸከም የማይችል ሰው ከመርካቶ በትንሽ በትንሹ መግዛቱ ይሻለዋል፤ ትርፉ ቢቀንስም ገንዘቡ አይታሰርም። የዕቃው ዓይነትም እንዲሁ ነው። ጫማና ልብስ በልክና በቀለም ስለሚለያዩ መመለሳቸው ይበዛል፤ የመዋቢያ ዕቃ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው በመሆኑ፣ ምንጩ ያልታወቀ የቆዳ ማቅያ ቅባት በስልክ መሸጥ ከኪሳራም አልፎ በሰው ጤና ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በተቃራኒው የውኃ መሳቢያ ፓምፕ መለዋወጫ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዕቃ፣ የባጃጅ መለዋወጫ፣ የመድኃኒት መርጫ አፍንጫ የመሳሰሉት ለፎቶግራፍ የማያምሩ፣ ተከታይ የማያበዙ ዕቃዎች ናቸው፤ ነገር ግን የጠፋች አንዲት ጎማ ሥራ ያስፈታችው ባለሙያ ዕቃው ትክክለኛው እንደሆነ ብቻ ከተረጋገጠለት አይከራከርም፣ አይመልስም፣ ነገም ያንኑ ሻጭ ይደውላል። እዚህ ላይ የሚሸጠው ጎማው ብቻ አይደለም፤ የትኛው ጎማ ለየትኛው ሞተር እንደሚሆን የማወቅ ችሎታ ነው።

ሕጉ በብዙ ቦታ ከሥራው ቀድሟል፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ወደኋላ ቀርቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክትና ውል ከወረቀቱ እኩል ሕጋዊ ዕውቅና እንዲኖራቸው አድርጓል፤ ስለዚህ በቴሌግራም የተጻፈ የዋጋ ስምምነት ወሬ ብቻ አይደለም፣ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው እንዲተካለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የተለመደ ማስታወቂያ ይህን መብት አይሽረውም። በሌላ በኩል የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዓቱ ሱቅ ያለውን ነጋዴ አስቦ የተቀረጸ ስለሆነ፣ በወር ሃያ ዕቃ ከቤቱ የሚሸጥ መምህር ወይም ነርስ ወደ ሥርዓቱ መግባት ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበልጥበታል። ውጤቱ ደግሞ ሻጩ ከግብር መሸሹ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ የሌለው ሻጭ ሲታለል የሚከስስበት፣ ሲያታልልም የሚከሰስበት ቦታ ስለሚጠፋ፣ ሁለቱም ወገን ከሕግ ጥላ ውጭ ይቀራል። ትንንሽ ሻጮች በቀላሉ የሚመዘገቡበትና ዝቅተኛ ቁርጥ ግብር የሚከፍሉበት መንገድ ቢከፈት መንግሥት የሚያገኘው ብር ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ የሚያገኘው መተማመን ግን ለንግዱ መሠረት ነው።

ይህን ንግድ እንደ መድረሻ ብቻ ሳይሆን እንደ መማሪያም ማየት ይቻላል፤ ለዚህ የሚጠቀሰው የቻይና ታኦባኦ መንደሮች ታሪክ ነው። በጂያንግሱ ግዛት፣ በሻጂ የምትገኘው ዶንግፌንግ መንደር በእርሻና ያገለገለ ፕላስቲክ በመሰብሰብ ትታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወጣቶቿ በአሊባባ ቡድን የታኦባኦ መድረክ ላይ መነገድ ጀመሩ፣ ብዙ ሳይቆዩም ከእንጨት መደርደሪያ እየሠሩ ወደ መሸጥ ተሸጋገሩ። ኋላ ታኦባኦ መንደር የሚለው ስም፣ በዓመት ቢያንስ 10 ሚሊዮን ዩዋን በኢንተርኔት ለሚሸጥባቸውና ቢያንስ 100 ሱቅ ወይም ከአባወራው 10 በመቶ የሚሆነው ሻጭ ለሆነባቸው መንደሮች የሚሰጥ ሆነ፤ ቁጥራቸውም ከ7,000 አለፈ። መንገድ፣ መብራትና ርካሽ የፖስታ አገልግሎት ቀድመው የገቡላቸው መሆኑ ከምሥራቅ ጎጃም ይለያቸዋል፤ ይህን ልዩነት አቅልሎ ማየት ቅንነት አይሆንም። ነገር ግን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቅሬታ መመለስ፣ ዕቃ ማሸግና ዙር መቁጠር በሌላ ሰው ዕቃ ላይ የሚለመዱ ሙያዎች ናቸው። ከአምበር ወይም ከሞጣ ተነሥቶ የውጭ ዕቃ ሲያስገባ የከረመ ሰው፣ ያንኑ አውቶቡስ በመልሱ ባዶውን ከመስደድ የታመነ ነጭ ጤፍ ወይም ንጹሕ ማር አዲስ አበባ ለሚያውቃቸው ደንበኞች ሊጭንበት ይችላል፤ በዚያ ንግድ ደግሞ ቀረጥም ዶላርም አያሳድደውም።

ይህ ሁሉ የሚሆንበት ጊዜም ረጅም ላይሆን ይችላል። በ2016 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ያወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016፣ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ተከልሎ የነበረውን የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች በቅድመ ሁኔታ ከፍቷል። ትልልቅ ኩባንያዎች ሲገቡ በዋጋ፣ በብዛትና በማስታወቂያ ትንሹን ቸርቻሪ እንደሚበልጡት አያጠራጥርም፤ ፎቶግራፍ እያስተላለፉ ብቻ የሚኖሩት ሻጮች የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ይሆናሉ። አዲስ አበባ ያለ መጋዘን ግን የአምበር ደንበኛ የተበላሸ መብራቱን ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ወጥቶ አይቀበለውም፤ ይህን የሚያደርግለት በዚያው ከተማ የሚኖር፣ ምትክ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ኩባንያዎቹም ሲመጡ ለዚህ ሥራ ወኪል መፈለጋቸው አይቀርም።